ፍሬው ተይዞ ዛፉ ሲተው፦ ስለ «ሀገር በቀል» ትምህርትና ስለ ኪታብ ቤት የማስተማር ሥርዓት ሒሳዊ ምልከታ

«ሀገር በቀል እውቀት» የሚለው ሐረግ፣ በተለይም ከ2010 ዓ.ም. የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ ወዲህ፣ በትምህርት ጉዳይ በሚደረጉ ውይይቶች የዘወትር ቃል ሆኗል። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ ልጅ ከቤቱና ከቀዬው የያዘውን እውቀት በር ላይ ጥሎ እንዲገባ የሚያስገድድ ትምህርት ቤት ሥራውን ገና ከመነሻው ያከብደዋል። ሆኖም ሐረጉ ወደ ተግባር ሲወርድ የሙስሊሙ ቅርስ የሚያገኘው ስፍራ ምን ዓይነት እንደሆነ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው በበዓል ቀን በመድረክ የሚሰማ መንዙማ፣ የአንድ ጥንታዊ መስጂድ ፎቶግራፍ፣ ምናልባትም ስለ ዐጀሚ ጽሑፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። እነዚህ የትምህርቱ ፍሬዎች ናቸው፤ ያፈራቸው የማስተማር ሥርዓት ግን አይጠቀስም። ይህ ትችት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ብቻ ሳይሆን የራሳችንንም መድረሳዎች የሚመለከት ነው።

የወሎን ኪታብ ቤት እንውሰድ። የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ያሳተሙት መጽሐፍ፣ የሀገር ውስጥ የዐረብኛ ጽሑፎችንና የቃል መረጃን መሠረት አድርጎ፣ እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉ ማዕከላትንና ዑለማኦቻቸውን አስተዋውቆናል። መጽሐፉ ግን የታሪክ መጽሐፍ ነው። ደረሳው ኪታቡን ከፍቶ በሸይኹ ፊት ሲቀመጥ ምን ይከናወን እንደነበር መመርመር የመምህራን ድርሻ ነው፤ ይህን ድርሻ ገና አልተወጣነውም።

ደረሳ የሚማረው በክፍል ደረጃ ሳይሆን በኪታብ ነው። አንዱ ሸይኽ በፊቅህ፣ ሌላው በነሕው፣ ሌላው በተፍሲር የታወቀ በመሆኑ፣ ደረሳው አንዱን ፈን ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። የአካባቢው ሰው ያበላዋል፤ የቀደመው ደረሳ ተከታዩን ያስቀራዋል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ብዙም ያልተነገረለት ነው፤ እርሱም ኪታቡ በአማርኛ የሚፈታበት መንገድ ነው።

ነሕው የቀራ ሁሉ የሚያውቀውን ምሳሌ እንመልከት፤ «ደረበ ዘይዱን ዐምረን»። ደረሳው ቃል በቃል ይፈታል፤ «መታ፣ ዘይድ፣ ዐምርን» ይላል። በ«ዐምር» መጨረሻ የገባችው «ን» ቀላል አይደለችም። ደረሳው መፍዑሉን ከፋዒሉ ለይቶ እንዳወቀ ለሸይኹ የምትመሰክረው እርሷ ናት። ኪታቡ ሐረካ በሌለው ጊዜ የቃሉን ሙያ የሚወስነው አንባቢው ነው፤ መሳሳቱም ሆነ ማግኘቱ በአማርኛው ወዲያውኑ ይገለጣል፤ ሌላ ፈተና አያሻውም። ሓልም እንዲሁ ነው። «ጃአ ዘይዱን ራኪበን» የሚለው «ዘይድ የጋለበ ኾኖ መጣ» ተብሎ ሲፈታ፣ «ኾኖ» የሓል ምልክት ናት። ለጆሮ የሚከብድ አማርኛ ነው፤ የሚቀልዱበትም አሉ። ነገር ግን ዓላማው አማርኛውን ማሳመር ሳይሆን የዐረብኛውን አወቃቀር ማሳየት ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች የማይገጥሙበትም ቦታ አለ፤ በ«ዐምር» ፋንታ «ረጁለን» ቢሆን፣ አማርኛው «ሰው መታ» ብሎ «ን»ን ሊተዋት ይችላል። ነኪራን ከመዕሪፋ ለይቶ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። በ1961 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ የቁርኣን ትርጉም ውስጥ «ኾኖ» እና «ሲኾን» ደጋግመው የሚመጡትም ከዚሁ ልማድ የተነሣ ይመስለኛል። ትርጉሙን በቋንቋው ሻካራነት ብቻ የሚነቅፉ ሰዎች ይህን የአፈታት ሥርዓት ከግምት አላስገቡም።

እንግዲህ ኪታብ ቤቱ ያካበተው፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈን እውቀት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ከፍቶ የመማር ልምድ ነው። የዛሬው ትምህርት ቤት ችግር ደግሞ ይኸው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመጀመሪያ ደረጃ የብሔረሰቦችን ቋንቋዎች፣ ለሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ግን እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። በተግባር መምህሩ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ያስረዳል፤ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ማስታወሻ ገልብጦ ይሸመድዳል። መጽሐፉ ራሱ ግን እንደተዘጋ ይቀራል። መምህሩ ስለ ገጹ በአማርኛ መናገሩና ተማሪው ገጹን በአማርኛ መፍታቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኪታብ ቤቱ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነበር።

«ሕገ መንግሥቱ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አንቀጽ 90 ይህን መደንገጉ እውነት ነው፤ እኛም አክብረን የምንይዘው ነው። ሆኖም የፊዚክስን ዓረፍተ ነገር ባለቤቱንና ተሳቢውን ለይቶ መፍታት ዒባዳ አይደለም። ይልቅስ በመድረክ ላይ መንዙማ ማሰማት ለሃይማኖት የቀረበ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ መድረሳዎቻችን ስንመለስ ነገሩ ያሳዝናል። ከዐረብ ሀገራት የመጡትን መማሪያዎች «ዐረብኛን በዐረብኛ» በሚል መርህ ስንቀበል፣ መጽሐፎቹ የተዘጋጁት ዐረብኛን በቤቱና በጎዳናው ለሚሰማ ልጅ መሆኑን ዘነጋን። የእኛ ልጅ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሰማው ቋንቋ ነው። ሐረካ ያለበትን ገጽ አቀላጥፎ ያነባል፤ ሐረካው ሲነሣበት ግን ይቆማል። መድረሳዎቹ ብዙ መልካም ነገር አምጥተዋል፤ ጽሕፈትን፣ ሰዓት አክባሪነትን፣ ከሁሉም በላይ የሴቶች ልጆችን ትምህርት። ይህን ለማግኘት ግን ፍቺውን መጣል ግዴታ አልነበረም።

የድሮውን እንዳለ እንመልስ ማለቴ አይደለም። ሕፃን ትርጉሙን ሳያውቅ ለዓመታት የሚያነበንብበት፣ ዱላ የትምህርት መሣሪያ የሆነበት፣ ሴት ልጅ ከቁርኣን አልፋ ወደ ኪታብ የምትዘልቅበት መንገድ እጅግ የጠበበበት ሥርዓት ነበር። እነዚህን «ባህል ነው» እያሉ መሸፈን ለባህሉም አይጠቅምም።

አጣዳፊው ነገር ሌላ ነው። ኪታቦቹ ታትመው በየገበያው ይገኛሉ፤ ፍቺያቸው ያለው ግን በሸይኾቹ አንደበት ነው። በመስጂዱ ወይም በአቅራቢያው በዚህ ሥርዓት ያስቀሩ አንድ አባት ያሉት ኢማም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ንባባቸውን ከነፍቺው በድምፅ ሊቀዳ ይችላል። የቋንቋ መምህሩ ደግሞ የሁለት ሸይኾችን ፍቺ ጎን ለጎን ጽፎ የት እንደሚለያዩ ማየት ይችላል። ለጅማሬው አጅሩሚያ ትበቃለች፤ አጭር ናት፣ ነሕው የጀመረም ሁሉ ያውቃታል።