ያልተደገመውን መሸለም

ምግብ ያስገኘ ድርጊት ይለመዳል፣ ያላስገኘው ይቀራል። በባህሪ ሥነ ልቦና ሥር የሰደደው ይህ ሕግ ከልኩ በላይ ተለጥጦ፣ ሽልማት የሚያፈራው ግትር ልማድን ብቻ ነው ወደሚል ድምዳሜ አድርሷል። ባሪ ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መግቢያ ርግቦች አመታታቸውን እንዲለዋውጡ ሸልመው ስላልተሳካላቸው የዚህ ድምዳሜ ጠበቃ ሆነው ነበር። እኔ ግን የከሸፈው ሽልማቱ ሳይሆን የሙከራው አሠራር ነው ባይ ነኝ፤ መለዋወጥም እንደ ፍጥነት ሁሉ በሽልማት የሚቀረጽ የባህሪ ገጽታ ነው።

በሽዋርትዝ ሙከራ ርግቧ ሁለቱን ቁልፎች አራት አራት ጊዜ በምንቃሯ መምታት ነበረባት፤ አንዱን ለአምስተኛ ጊዜ ከነካች ዙሩ ያለ ምግብ ያበቃል። በስምንት ምት ሊፈጠሩ ከሚችሉት 256 ቅደም ተከተሎች ግን ይህን ግዴታ የሚያሟሉት 70 ብቻ ናቸው። እንግዲህ እንዳሻት የምትለዋውጥ ርግብ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጇን ትቀር ነበር ማለት ነው። ሱዛን ፔጅ እና አለን ኑሪንገር በ1985 ግዴታውን አነሡት። ርግቧ ግራና ቀኝ እንደፈለገች ስምንት ጊዜ ትመታለች፤ እህል የምታገኘው ግን ቅደም ተከተሉ ከቀደሙት ዙሮች፣ በከባዱ ደረጃ ካለፉት 50 ዙሮች፣ የተለየ ሲሆን ብቻ ነው። ርግቦቹ ተወጡት። ወሳኙ ማስረጃ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው፦ እህሉ በቀድሞው መጠን መሰጠቱ ቀጥሎ ከመለዋወጥ ጋር የነበረው ትስስር ሲቆረጥ ልዩነቱ አሽቆለቆለ። ሽልማት ሲቆራረጥ ባህሪ እንደሚዘበራረቅ የታወቀ ነው፤ እዚህ ግን መቆራረጡ እንዳለ ሆኖ መለዋወጡ ቀነሰ።

ርግቧ የሠራችውን እያስታወሰች ትሸሻለች እንጂ አትለዋውጥም የሚሉ አሉ። ኑሪንገር በ1991 በአይጦች ላይ በምላሾቹ መካከል ያለውን ጊዜ ሲያራዝሙ ግን የተበላሸው የተወሰነ ቅደም ተከተልን መድገም ነው፤ መለዋወጡ አልተጎዳም። በትውስታ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ አብሮ በፈረሰ ነበር። የኔርጎርድና የሆልት የ2020 ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። እንደ እነርሱ አባባል የሚጠናከሩት ነጠላ ቅደም ተከተሎች ናቸው፤ ብርቅ የሆነው ይሸለማል፣ ሲበዛ ሽልማቱን ያጣና ይከስማል፣ ተራው ለሌላው ይደርሳል። ይህ የሂደቱን ከፊል አሠራር በትክክል የሚገልጽ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ፔጅና ኑሪንገር ርግቦችን በአንድ ቀለም ብርሃን እንዲለዋውጡ፣ በሌላው ደግሞ አንድ ቅደም ተከተል እንዲደግሙ አሠልጥነዋል፤ ብርሃኑ ሲቀየር ባህሪው አብሮ ተቀይሯል። ቀስ በቀስ የሚገነባና የሚከስም ጥንካሬ ብቻውን ይህን ሽግግር ለማስረዳት ይቸገራል።

ክርክሩ ከቤተ ሙከራ ውጭም ዋጋ አለው። ሚለርና ኑሪንገር በ2000 ኦቲዝም ያለባቸው 5 ታዳጊዎች በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ምላሻቸውን ሲለዋውጡ ሸለሟቸው። ሽልማቱ በተቀራራቢ መጠን ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሰጥ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ልዩነቱ በግልጽ ጨመረ። አንድ ምላሽ ላይ የተጣበቀን ልጅ አዲስ ነገር ለማስተማር መምህሩ የሚያበረታታው ሙከራ ከልጁ መምጣት አለበት፤ የታዳጊዎቹ ውጤት የሚያሳየው ይህ ሙከራ እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን በሽልማት ማብዛትም እንደሚቻል ነው።