«ታስሮ ይቅረብ»

በፍርድ ቤቶቻችን ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ አጭሯ፣ ዕድሜዋ ደግሞ ረዥሙ የትኛዋ ናት ብትሉኝ «ታስሮ ይቅረብ» እላችኋለሁ። ስም ይጠራል፤ ሰው የለም። ይደገማል፤ የለም። «መጥሪያ ደርሶታል?» «ደርሶታል ተብሏል።» በቃ፣ ፖሊስ አስሮ ያቅርበው፤ ለዚህ ቀን ተቀጥሯል፤ ቀጣይ መዝገብ! ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ትእዛዟ ግን ዳኛው ተዛውሮ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሥራ ለቆ፣ የፖሊስ አዛዡ ተቀይሮ እንኳ ማኅደሯ ውስጥ ቁጭ እንዳለች ናት።

ከተሜው ይህችን ቃል ሲሰማ የሚታየው ያመለጠ ሰው ነው። ኬላ ጥሶ የጠፋ፣ ወይም ሻንጣውን ይዞ በቦሌ ሊወጣ ሲል የሚያዝ። እኔ የማወራችሁ ሰው ግን አላመለጠም። ቤቱ ነው ያለው። ቤቱ ሩቅ ሆኖበት ነው እንጂ።

አምቢኮን ከአገሬው ውጭ የሚያውቃት ባብዛኛው ቱሪስት ነው። ራስ ደጀን ለመውጣት የተነሣ ሰው የመጨረሻዋን ሌሊት የሚያድርባት መንደር ናት። ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የቧሂት ማለፊያ ተሻግሮ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚደርሰው። ፈረንጁ በእግሩ ሲመጣ አስጎብኚ፣ በቅሎ፣ ምግብ አብሳይና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት አሰልፎ አራተኛው ቀን ላይ ይደርሳል፤ አገሩ ሲገባም ለወዳጅ ዘመድ በፎቶግራፍ እያስደገፈ ጀብዱውን ይተርካል። ያንኑ መንገድ አንድ የአምቢኮ ገበሬ በግልባጩ፣ በጎማ ጫማ፣ ቆሎውን ቋጥሮ ለቀጠሮ ቢሄደው ጀብዱ ነው የሚለው የለም። አንድ ቀን ከዘገየ ደግሞ ስሙ «ያልቀረበ» ይሆናል።

እርግጥ ነው፣ የአገሬው እግር ከፈረንጁ እግር ይፈጥናል። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቅ የመኪና መንገድም አለ፤ እስከ መኪናው መንገድ ግን በእግር ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት የሚያየው ጉዳይ ከሆነም መንገዱ ያጥራል። ጠንከር ያለው ነገር ግን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ሰሜን ጎንደር ለብቻው ዞን ሆኖ ደባርቅ መቀመጫው የሆነችው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትማ ደባርቅ የደረሰ ሰው ዳባትን አልፎ እስከ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ታዲያ እዚያው ላይ፣ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚጠይቀው ጊዜ በ48ቱ ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም ብሎ ጨምሯል። ሕግ አውጪው ይህችን ሲጽፍ አምቢኮን የመሰሉ አገሮች ሳይታዩት አልቀሩም። መልካም። መንግሥት ሰው አስሮ ሲያመጣ ገደሉም፣ ወንዙም፣ ርቀቱም ይታሰብለታል ማለት ነው። ሰውየው በገዛ እግሩ ሲመጣ ግን ያው ገደል፣ ያው ወንዝ የሚያስብለት የለም፤ ስሙ ከጠዋቱ ተጠርቶ አልፏል። እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው።

መጥሪያው ራሱ እንዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። ከፍርድ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ሚሊሻው፣ ከሚሊሻው ወደ ጎረቤት፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሊነግረው። ሰውየው በዚያ ሰሞን ሁመራ ወይ መተማ ወርዶ ሰሊጥ እያረመ ሊሆን ይችላል፤ ደገኛው ወደ ቆላ ወርዶ የቀን ሥራ ሳይሠራ ዓመቱን የሚዘልቅበት ዘዴ የለውም። አድራሻው የተለወጠም አለ። የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሲሰፍሩ «የግጭ ነዋሪ» የሚል የቆየ ማኅደር ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ከመዝገቡ አድራሻ ጠፋ። ስሙም አለ። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር፣ ያውም አንድ ደብር የሚያቆራኘው መንደር ውስጥ፣ የአያት ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ስንቱን ሰው ይጠራል? ያም ሆኖ መላሹ ሲመጣ «ደርሶታል» ነው።

ፍትሐ ብሔር ከሆነ ነገሩ ይሻላል። ያልቀረበው ተከሳሽ በሌለበት ቢፈረድበትም በቂ ምክንያት እንደነበረው አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። ወንጀል ሲሆን ነው የሚወሳሰበው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሰውን በሌለበት መፍረድን በመሠረቱ የፈቀደው ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎችና ለአንዳንድ የመንግሥት ገንዘብ ነክ ጥፋቶች ብቻ ነው። በወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን በዱላ የመታ ሰው በሌለበት አይፈረድበትም። ደግ ሕግ ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ያ ዱላ የፈጠረው መዝገብ አይሞትም፣ አይድንም። ፖሊስ «በአካባቢው ሊገኝ አልቻለም» ብሎ ይጽፋል፤ ሄዶ ይሁን ሳይሄድ እግዜር ይወቀው። ፍርድ ቤቱ በበኩሉ ተከሳሹ በተገኘ ጊዜ የማንቀሳቀስ መብቱን ለዐቃቤ ሕግ ጠብቆ መዝገቡን ይዘጋዋል። ለሪፖርት የተዘጋ መዝገብ የተዘጋ መዝገብ ነው፤ መቶኛው ያምራል። ለሰውየው ግን አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ የታረቀው ሰው ነገር ነው። በሰሜኑ አገር ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ደም ከፈሰሰበት ደም ይደርቃል፤ በታቦት ስም ምሎ፣ አብሮ በልቶ ጠጥቶ ይለያያል። በዚያ አገር ሰው ልብ ውስጥ ጉዳዩ አበቃ። ክሱ ግን በዐቃቤ ሕግ ስም የተከፈተ ከሆነ የሽማግሌው ዕርቅ በራሱ አይዘጋውም። አንድ ሰው ቄስና ሽማግሌ አስቀርቦ፣ በግ አርዶ የታረቀበት ጉዳይ ዓመታት ቆይቶ በገበያ ቀን ደባርቅ ላይ «ትፈለጋለህ» ሲያስብለው ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ? ሽማግሎቹ ወደ መዝገብ ቤት ጎራ ብለው «ይህ ነገር በእኛ አልቋል፤ በእናንተስ?» ብለው የሚጠይቁበት አንድ የታወቀ መስኮት የለንም።

ወረቀት እንዳለበት የሰማ ገበሬ ምን ያደርጋል? ከተማ አይወርድም። በሬውን ወንድሙ ይሸጥለታል፤ የታመመች ልጁን እናቷ ትወስዳታለች፤ እሱ ራሱ ሲታመም ጠበል ይበቃዋል። እጅግ ከፈራ ደግሞ ያገራችን ሰው የሚያውቀው ሌላ መንገድ አለ፤ ጫካ። ትንሽ የዱላ ነገር ሽፍታ ስታደርግ አያቶቻችን አይተዋል።

አያቶቻችን ሌላም ነገር አይተዋል። ፖሊስ የሚባል ነገር ሳይኖር መንገደኛው ሁሉ ዳኛ ነበር። «በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል እንዲሉ፣ የተጠራው ሰው ቆሞ ይሟገታል። ዋስ የጠፋ እንደሆነ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ተሳስረው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛ ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ ጭካኔም ነበረበት። ግን በቁራኛ ውስጥ አንድ የማከብረው ነገር አለ። ከሳሹም የመንገዱን ዳገት አብሮ ይወጣ ነበር። ዛሬ ዳገቱን የሚወጣው አንዱ ብቻ ነው። ክረምት ላይማ መሸሃ ሲሞላ በማንም አምላክ ስም ቢጠሩት አይቆምም።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ፈርጉሰን የምትባል 21,000 ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ከተማዋን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2014 ማብቂያ ላይ የከተማዋ ፍርድ ቤት ያወጣው የመያዣ ትእዛዝ ያለባቸው ሰዎች ከ16,000 በላይ እንደነበሩ ተገለጠ። ሁሉም ነዋሪ አልነበሩም፤ አላፊ አግዳሚም ነበረባቸው። ብዙው በመኪና ማቆሚያና በትራፊክ ቅጣት ሰበብ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አዲስ የተሾመው የከተማዋ ዳኛ ከ2015 በፊት የወጡትን ትእዛዞች በሙሉ ሰረዛቸው። አንድ ዳኛ፣ አንድ ቀን! እኛ ዘንድ እንዲሁ በጅምላ ይሰረዝ አልልም፤ ምክንያቱም በእኛ ማኅደር ውስጥ የማቆሚያ ቅጣት ሳይሆን የተሰበረ እጅ አለ።

የተሰበረው እጅ የአንዲት ሴት ነው እንበል። ባሏ ደብድቧት ከሳለች። እሷም ያንኑ ዳገት ወጥታ ወርዳለች፤ በአንዱ ቀጠሮ ልጅ አዝላ። «ተከሳሽ ሲገኝ» ተብሎ የተዘጋው መዝገብ የእሷም መዝገብ ነው። ባልየውስ የት ጠፋ? ከእሷ ቤት ሦስት ቤት አልፎ ነው ያለው፤ በየቀኑ ታየዋለች። የማይፈጸም ትእዛዝ የሚጠቅመው እሱን ነው፤ መጥሪያ ሳይደርሰው የቀረውን ምስኪን ደግሞ ያሳድደዋል። አንዷ ቃል ለሁለቱም አንድ ዓይነት ተጽፋለች፤ ማን ሸሸ፣ ማን ሩቅ ነበር ብሎ የለየ የለም።

ይህንን መለየት ደግሞ ከዚህ በፊት ከነበረው ይልቅ አሁን ይቸግራል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ደርሶ ጭና ላይ ስንት ሰው አለቀ፤ ስንቱም ቀዬውን ለቆ ተበተነ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ችሎትንም፣ ፖሊስንም፣ መንገድንም አወከ። በእንዲህ ያለ ዘመን ቀጠሮ የቀረን ሰው ሁሉ «እንቢተኛ» ብሎ መጻፍ ለሕግም አይመች። የከረመች «ታስሮ ይቅረብ» በእንዲህ ያለ ጊዜ ለቂመኛ እጅ የምትመች መሣሪያ መሆኗንም አትርሱ። ማንም ኪሱ ይዟት ሊዞር ይችላል።

እኔን ቢያማክሩኝ (አያማክሩኝም እንጂ) ከመዝገብ ቤቱ ነበር የምጀምረው። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ዘመዱን ልኮ «የእገሌ ስም አለበት ወይ?» ብሎ ቢያስጠይቅ ጠያቂው አይያዝ፤ የመዝገብ ቁጥሩ ተጽፎ ይሰጠው። በገዛ እግሩ የመጣ ሰው ደግሞ በዚያኑ ዕለት ዳኛ ፊት ይቁም፤ ምክንያቱ ይሰማ፤ ዋስ ካለው ዋሱን ጠርቶ ትእዛዟ ትነሣለት። ዛሬ ሰው በራሱ ፈቃድ ከመምጣት የሚያስፈራው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደርሶ እስከ ሰኞ ጣቢያ ማደሩ ነው። ተዘዋዋሪ ችሎት የሚባለውንም አገሩ ያውቀዋል፤ ዳኛ ከነመዝገቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከአጨዳ በኋላ፣ ወደ ገደሉ ማዶ ቢሻገር ብዙው ማኅደር እዚያው ያልቃል። በየዓመቱም ያረጀችው ትእዛዝ ሁሉ ዳኛ ፊት ትቅረብና ትጠየቅ፤ መጥሪያው በእርግጥ ደርሶ ነበር? ታርቀዋል? በዳይስ አሁን የት ነው ያለው?

አንድ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ ይህን ስነግራቸው ሳቁና «በጀት የለም ይሉሃል» አሉኝ። ይበሉ። ለፖሊሱ የውሎ አበል የሚከፈለው፣ ሰው ታስሮ የሚበላው፣ ምስክር ሦስቴ ተጠርቶ ሦስቴ የሚመለሰው በነፃ ነው እንዴ? አንዲት በቅሎ ለዳኛው፣ አንዲት ለማኅደሩ። ለቱሪስቱ አላነሰም።