ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሥራ

እንደ እኔ በምሥራቅ፣ መልካ ጀብዱ ላደገ ሰው እንስሳ ብርቅ አይደለም፤ ግመሉም ፍየሉም ከሰው ጋር መንገድ ይጋራል። አውሬ ሲታከምና ሲጠበቅ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ከሁሉ የማደንቀው ሆለታ አጠገብ ያለውን የዱር እንስሳት ማዕከል፣ እንስሳ ኮቴን ነው። የሚያስተዳድረው በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ቦርን ፍሪ ነው።

የአውሬ ንግድ ጉዳይ ለእኛ ለምሥራቆቹ ቅርብ ነው። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በድብቅ ይሸጣሉ። ማዕከሉ ከእንዲህ ዓይነት እጅ የተረፉትን ተቀብሎ ያሳድጋል። ዶሎ የተባለው አንበሳም ዶሎ አዶ ላይ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የተገኘ ነበር፤ ጎፈሩ ተመልጦ።

እንዲህ ባለ ማዕከል የአንበሳ ጠባቂ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማደሪያውን ከማጽዳቱ በፊት እንስሳውን ወደ ሌላው ክፍል ያሳልፋል፣ በሩን ይዘጋል፣ ቁልፉን ደግሞ ይፈትሻል። የተረፈውን ሥጋ አይቶ ማን በደንብ እንደበላ፣ ማን እንዳልበላ ይለያል፤ አውሬ ሕመሙን ስለሚደብቅ የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በውጭ አገር አንዳንድ መዝናኛ ፓርኮች እንስሳ መዳበስ ይሸጣል። እንስሳ ኮቴ ግን መዳበስ የለም፣ ማራባትም የለም። ጫካ መመለስ የሚችለው ይመለሳል፤ የማይችለው ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ይጦራል። ልጆቻችንን ይዘን ልንሄድ የሚገባው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ ለመግቢያ የከፈልነውም ለሥጋና ለመድኃኒት ቢውል ደስ ይለኛል።