በነቀርሳ ሕዋስ ውስጥ ስለሚከፈተው የዲ.ኤን.ኤ. ቍልፍ ጥቂት ትችት

በላቦራቶሪ የተሠራ የዲ.ኤን.ኤ. ክር ጤነኛውን ሕዋስ ሳይነካ በነቀርሳ ሕዋስ ውስጥ ብቻ ይነቃል የሚለው ሐሳብ በቅርብ ዓመታት በብዙ ጽሑፎች ሲደጋገም እናያለን። ሐሳቡ ብልኀት ያለበት ነው፤ አድናቆታችንን አንነፍገውም። ነገር ግን «ብቻ» የምትለዋ ቃል ከቀረበላት ማስረጃ ይልቅ የከበደች ሆና አገኘናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ በየቀኑ 10,000 ያህል የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት በራሳቸው እንደሚረግፉ ይገመታል። ኤ.ፒ.ኢ.-1 የሚባለው ኤንዛይም ፊደል የጐደለበትን ቦታ ፈልጎ ክሩን እዚያው ላይ ይቈርጣል፤ ሌሎች ኤንዛይሞች ተከትለው ይጠግናሉ። (ቶማስ ሊንዳል በዚሁ የጥገና ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ከፖል ሞድሪክና ከአዚዝ ሳንጃር ጋራ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።) ኬሚስቶቹ ይህን ተመልክተው አንዱ ክር ሌላውን እንዲያስረው ያደርጉና ከማሰሪያው ላይ ሆን ብለው ፊደል ያጐድሉበታል። ኤንዛይሙ ሲቈርጠው ማሰሪያው ይላላል፤ የታሰረውም ክር ሥራውን ይጀምራል። ይኸው ኤንዛይም በጤነኛ ሕዋስ አብዛኛው በአስኳሉ ውስጥ ሲኖር፣ በብዙ የነቀርሳ ሕዋሳት ግን በዝቶ በሳይቶፕላዝሙም ይገኛል። የምርጫው መሠረት ይህ ነው።

እንግዲህ ኤንዛይሙ የነቀርሳ የግል ንብረት አይደለም፤ ጤነኛውም ሕዋስ ያለ እርሱ አይሆንለትም። ልዩነቱ የመጠንና የቦታ ነው። ሕዋስ ሲከፈል ደግሞ የአስኳሉ ሽፋን ስለሚፈርስ በአስኳልና በሳይቶፕላዝም መካከል የነበረው አጥር ለጊዜው ይጠፋል። የአጥንት መቅኒና የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ያለ ማቋረጥ ይከፋፈላሉ፤ የተለመዱት የነቀርሳ መድኃኒቶች አብዝተው የሚጐዱትም እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ሄላ የሚባለውን የነቀርሳ ሕዋስ ባንድ ወገን፣ እምብዛም የማይከፈል ጤነኛ ሕዋስ በሌላ ወገን አስቀምጦ «ይህ በራ፣ ያ ጨለመ» ማለት ፈተናውን ከቀላሉ ጥያቄ ላይ ማቆም ነው።

ሌላም አለ። ወደ ሕዋስ የገባ ክር ብዙውን ጊዜ ኢንዶሶም በሚባለው ከረጢት ተይዞ ይቀራል። ታዲያ ሕዋሱ የጨለመው ቍልፉ ስላልተከፈተ ነው ወይስ ክሩ ስላልደረሰው? የበራውስ በኤ.ፒ.ኢ.-1 ነው ወይስ ዲ.ኤን.ኤ.ን በሚበሉ በሌሎች ኤንዛይሞች? ጥንቁቆቹ ደራሲዎች የማይቈረጥ ክር ለማነጻጸሪያ ያቀርባሉ፤ ኤንዛይሙንም በማገጃ አስቁመው ብርሃኑ መቀነሱን ያሳያሉ። ምስጋና ይገባቸዋል። የገባውን ክር መጠን ግን ሁልጊዜ በሚበራ ሁለተኛ ቀለም ሳይለካ የቀረ ጽሑፍ ስናነብ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መደምደሚያውን ለመቀበል እንቸገራለን።