ከፀሐይ በኋላ የሚሰማ ቃጠሎ

«ምንም አይፈጠርበትም» አሉኝ፤ ልጄ ቤት አብረን ፊልም ስናይ ያመሸን ሁለት ወዳጆቼ። አባትና ልጅ ቱርክ አገር ባሕር ዳር ለዕረፍት ይሄዳሉ፣ ይዋኛሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ይመለሳሉ። «ታሪኩ የታለ?» ነው ጥያቄው። ቀላል ጥያቄ አይደለምና ልመልሰው እሞክራለሁ።

ፊልሙ «አፍተርሰን» ይባላል። ስኮትላንዳዊቷ ቻርሎት ዌልስ ጽፋ ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። አባትየውን ካለምን ሆኖ የተጫወተው ፖል መስካል በዚሁ ሥራው ለኦስካር ታጭቷል። የአሥራ አንድ ዓመቷን ሶፊን የምትጫወተው ፍራንኪ ኮሪዮ ናት። ወላጆቿ ተለያይተዋል፤ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። አባቷ ወጣት ነው፤ ሠላሳ አንደኛ ልደቱ የሚውለው እዚያው በዕረፍቱ መካከል ነው። ያን ጊዜ በትንሽ የቪዲዮ ካሜራ የተቀራረጹትን፣ ዛሬ ያደገችው ሶፊ ተቀምጣ ታየዋለች።

እኛ ያደግነው በታላላቅ ግጭቶች ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ፍቅርና ሥርዓት ፊት ለፊት ሲላተሙ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግጭት የሌለበት ድርሰት ጨው እንደሌለው ወጥ ይመስለናል። «አፍተርሰን» ግን ግጭት አላጣም። ግጭቱን ያኖረው አባትየው ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ የምናየው በልጅቱ ዓይን ስለሆነ ልጅ ከምታየው በላይ አይፈቀድልንም።

አንድ ትዕይንት ላንሳ። ሶፊ ካሜራውን ደቅና አባቷን ትጠይቀዋለች፤ «በኔ ዕድሜ ሳለህ ስታድግ ምን እሆናለሁ ብለህ ታስብ ነበር?» ዓይነት ጥያቄ ነው። ፊቱ ይለወጥና ካሜራውን እንድታጠፋ ያዛታል። ከጠፋ በኋላ ነው በአሥራ አንደኛ ልደቱ ቀን ቤተሰቡ እንዴት እንደ ረሳው የሚነግራት። እኛም የምናየው በጨለመው የቴሌቪዥን መስታወት ላይ የወደቀ ጥላውን ብቻ ነው። የፊልሙ ነገር ሁሉ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ካሜራው ሲሠራ አባትየው ይቀልዳል፣ ይጨፍራል፤ ሲጠፋ ሰውየው ብቅ ይላል።

ሌላም አለ። አንድ ምሽት ሶፊ አብረው እንዲዘፍኑ ስማቸውን ታስመዘግባለች። አባቷ አሻፈረኝ ይላል፤ ብቻዋን ወጥታ እየተንቀጠቀጠች ትዘፍናለች። ኋላ የመዝሙር ትምህርት እከፍልልሻለሁ ሲላት፣ ገንዘብ እንደሌለህ እያወቅሁ እንዲህ አትበል ትለዋለች። ልጅ የአባቷን ባዶ ኪስ ስታውቅ፣ አባትም ማወቋን ሲያውቅ! ከዚህ የበለጠ ምን ግጭት ይምጣ?

ይህን ስል የራሴ ጉዳይ እንዳለኝ አልደብቅም። በ1966 ዓ.ም. ለገና ከአስመራ ወደ ምጽዋ ወርደን ነበር። አስመራ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በብርድ ስትኮማተር፣ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ቀይ ባሕር ዳር በሸሚዝ መዋል ለደገኛ ልጅ ተአምር ነው። ከዚያ ቀን የቀረን አንድ ፎቶግራፍ ነው። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ እኔ ትከሻው ላይ ነኝ፤ እናቴ ኮቱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ዳር ቆማለች። ሦስታችንም እንስቃለን። እናቴ ካረጀች በኋላ ነው የነገረችኝ፤ አባቴ ከሥራው የተሰናበተበት ደብዳቤ በዚያ ኮት ኪስ ውስጥ ነበረ። እሷም ያገኘችው ከተመለስን በኋላ ነው። ያን ቀን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ትከሻው ላይ ሆኜ ወደ ባሕሩ ግባ፣ ግባ እያልሁ ጆሮውን እጎትት ነበር።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። ያደገችውና የወጣቱ አባቷ በሚብለጨለጭ መብራት ውስጥ የሚታዩበት የጭፈራ ትዕይንት ይደጋገማል፤ የተረዳነውን መልሶ ያስረዳናል። ትልቋ ሶፊም ከማዘን በቀር ብዙ ሥራ አልተሰጣትም። ካለም በኋላ ምን እንደ ደረሰበት አለመነገሩን ግን እንደ ጉድለት አልቈጥረውም። ልጅቱ የቀራት ቪዲዮው ነው፤ ቪዲዮው የማይነግራትን ደራሲዋ ብትነግረን ኖሮ እኛ ከሶፊ የበለጠ ባወቅን፣ ሐዘኗም የኛ ባልሆነ ነበር።

አፍተርሰን ፀሐይ ያቃጠለውን ቆዳ ለማብረድ የሚቀባ ቅባት ስም ነው። ባሕር ዳር የዋለ ያውቀዋል፤ ቃጠሎው ፀሐዩ ላይ ሳሉ አይታወቅም፤ የሚሰማው ማታ፣ ልብስ ሲያወልቁ ነው።

ወዳጆቼ ከሄዱ በኋላ ልጄ «አባዬ፣ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለችኝ። ፎቶግራፉን ብዙ ጊዜ አሳይቻታለሁ፤ ሁልጊዜም «ደስ የሚል ገና ነበር» ብዬ እመልሰው ነበር። ያን ምሽት ግን ስለ ኮቱ ነገርኋት።