ሰርቪሱን ከመክፈቴ በፊት

የባንክ ሶፍትዌር ኮድ እንድገመግም ሲሰጠኝ፣ ስሙ «ሰርቪስ» ብሎ የሚያልቀውን ክላስ ወዲያው አልከፍትም። መጀመሪያ የምሄደው «አካውንት» ወደሚለው ክላስ ነው። እዚያ የሂሳብ ቁጥርና ቀሪ ሂሳብ ብቻ ካገኘሁ፣ ቀሪውንም ማንም እንዳሻው የሚለውጠው ከሆነ፣ ሰርቪሱን ሳላየው አውቀዋለሁ፤ የባንኩ ሕግ ሁሉ እዚያ ተከምሯል። የሶፍትዌር ዲዛይን ጸሐፊው ማርቲን ፋውለር በ2003 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ሞዴል «ደም ያነሰው» ብሎታል።

ኤሪክ ኢቫንስ በዚያው ዓመት ባወጣው «ዶሜይን ድሪቨን ዲዛይን» መጽሐፉ ለሰርቪስ ቦታ የሰጠው ቆጥቦ ነው። ገንዘብ ማስተላለፍ የእሱም ምሳሌ ነው። «የታገደ ሂሳብ ወጪ አያደርግም»፣ «ከቀሪው በላይ አይወጣም» የሚሉት ሕጎች የሂሳቡ የራሱ ናቸው። ማስተላለፉ ግን የላኪውም የተቀባዩም ብቻ አይደለም፤ አንዱ ላይ ብንጭነው የሌላውን ጓዳ እንዲያውቅ እናስገድደዋለን። ስለዚህ «ገንዘብ አስተላላፊ» የሚባል ሰርቪስ ይገባዋል። («ማናጀር» የሚባል ክላስ ሳይ ግን ምን እንደሚያስተዳድር ለመጠየቅ ድፍረት አጣለሁ።)

ይህ ሰርቪስ ሁለት ሂሳቦችንና መጠኑን ከነመገበያያው የያዘ «ገንዘብ» ይቀበል። ቁጥር ብቻ ከተቀበለ ብርና ዶላር የሚደባለቁበት ቀን አይቀርም። በውስጡም የደንበኛ ነገር አያስቀምጥ። አንዱን የሰርቪስ ኦብጀክት ብዙ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሊጋሩት ስለሚችሉ፣ የሚላከው መጠን ፊልድ ሆኖ ከተቀመጠ የአንዱ 500 ብር የሌላው ዝውውር ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሞክረው ይህ ስህተት አይታይም፤ ደመወዝ የሚገባበትን ቀን ይጠብቃል።

ሂሳቦቹን ከዳታቤዝ ማስመጣትና ትራንዛክሽኑን መክፈትና መዝጋት የአፕሊኬሽን ሰርቪስ ድርሻ ነው። ለደንበኛው ኤስኤምኤስ መላክ ደግሞ የኢንፍራስትራክቸሩ ነው። ከገንዘብ አስተላላፊው ጋር ሦስቱም ሰርቪስ ስለሚባሉ በብዙ ፕሮጀክት አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ። እኔ የምለያቸው በቴስት ነው፦ የማስተላለፉን ሕግ ለመፈተን ዳታቤዝ ማስነሳት ካስፈለገኝ ድርሻዎቹ ተቀላቅለዋል ማለት ነው።

እናንተም ኮዳችሁን ክፈቱ። «ሂሳቡ ታግዷል ወይ?» የሚለውን ፍተሻ ሰርቪሱ ውስጥ ካገኛችሁት፣ ሌላ ሰርቪስ ከመጨመራችሁ በፊት ወደ ሂሳቡ መልሱት።