የተቆረጠው ገጽ፦ ወጣት አንባብያን በ«ፋራናይት 451» ላይ የሰጧቸው አስተያየቶች

የአሜሪካዊው ደራሲ የሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» እ.ኤ.አ. በ1953 ከታተመ ወዲህ መጽሐፍ ስለማገድና ስለማቃጠል ሲነሣ ስሙ አብሮ የሚነሣ ልቦለድ ነው። በአገሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲነበብ የኖረ በመሆኑም ብዙዎቹ አንባብያኑ መጀመሪያ ያገኙት በአፍላነታቸው ነው። እኔም ይህንኑ ልቦለድ በንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ለዓመታት አስነብቤአለሁ። ተማሪዎቹ የሚያነቡት በእንግሊዝኛ፣ የሚወያዩትና የሚጽፉት በአማርኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው እነሱ ስለ ልቦለዱ የሰጧቸውን አስተያየቶች ነው። ጥናት ነው አልልም፤ መጠይቅ አልበተንኩም፣ ቁጥርም አልሰበሰብኩም። የተማሪ ጽሑፍ ሲያርም የኖረ መምህር ትዝብት ነው። ይሁን እንጂ ከአስተያየቶቹ አንዱ እኔኑ ከሐያሲ ወንበር አስነሥቶ በተከሳሽ ወንበር ስላስቀመጠኝ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ልቦለዱን ላላነበበ ሰው ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። መቼቱ መጪው ዘመን ነው። ቤቶች ሁሉ እሳት እንዳይበግራቸው ሆነው ስለተሠሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ማጥፋታቸው ቀርቶ ሥራቸው መጽሐፍ የተገኘበትን ቤት ማቃጠል ሆኗል። ርእሱ ወረቀት የሚቀጣጠልበትን የሙቀት መጠን ያመለክታል፤ በሴንቲግሬድ ወደ 233 ይጠጋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋይ ሞንታግ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ነው። ክላሪስ የተባለች የጎረቤት ልጅ የምትጠይቀው ጥያቄና ከመጻሕፍቷ ጋር መቃጠልን የመረጠች አንዲት አሮጊት ሞት ልቡን ያሸፍቱታል። አለቃው ካፒቴን ቢቲ፣ ሚስቱ ሚልድሬድና ፌበር የተባለ ሥራ ያጣ አዛውንት የእንግሊዝኛ መምህር በዙሪያው የቆሙ ናቸው። በመጨረሻም ሞንታግ ከከተማው ሸሽቶ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው በዱር ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ይቀላቀላል።

ተማሪዎቹ ገና ከመነሻው የሚቸገሩት በአንድ ቃል ነው። የሠራተኛው የእንግሊዝኛ መጠሪያ ሲተነተን «የእሳት ሰው» ማለት ስለሆነ አጥፊም አቃጣይም ሊሆን ይችላል። የእኛ «እሳት አደጋ» ይህን ሁለት ፊት አይሰጥም። አንድ ተማሪ «እሳተኛ» የሚል ቃል ፈጥሮ አመጣ። ቃሉ ይለመዳል ባልልም ሰምና ወርቁን አይቶታል፤ ልጁ ቅኔ ቤት የዋለ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከአስተያየቶቹ ሁሉ አዘውትሮ የሚመጣው፣ ልቦለዱ ሕዝቡን ለማፈን መጻሕፍት ስለሚያቃጥል መንግሥት የተጻፈ ነው የሚለው ነው። ይህ አያስገርምም። የእኛ ተማሪ ሳንሱር ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ከገበያ የተለቀመው፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ የቀረበት መጽሐፍ። ስለዚህ በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ማኅተም የያዘ መርማሪ ነው። ቅድመ ምርመራን የሻረው የፕሬስ አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ለተወለደ ወጣት ደግሞ ይህ መርማሪ የአባቶቹ ዘመን ጭራቅ ነው። ይጠላዋል እንጂ ያገኘኛል ብሎ አይፈራውም።

ስለ ገጸ ባሕርያቱ የሚሰጡት አስተያየት ከዚህ የበለጠ ሕይወት አለው። ክላሪስ ከታሪኩ በድንገት መጥፋቷን ብዙዎቹ እንደ ድክመት ይቆጥሩታል፤ ደራሲው የሞንታግን ልብ ለመቀስቀስ ብቻ ተጠቅሞባት ጣላት ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ። ሚልድሬድን ግን እኔ ሁልጊዜ እንደ ባዶ ዕቃ ሳስተምራት ኖሬ፣ አንዲት ተማሪ ጠበቃ ሆና ቆመችላት። በጆሮዋ ትንሽዬ ሬዲዮ ሰክታ የምትተኛ፣ የእንቅልፍ እንክብል ከልክ በላይ ውጣ በማግስቱ የማታስታውስ ሴት ምን ያህል እንደከፋት ማን ጠየቃት? ሞንታግ ለመጻሕፍት ካዘነው ሩቡን ለሚስቱ አላዘነም፤ ስትል ጻፈች። (ይህን ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ሳነብ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ሁለቱ ማዳመጫ በጆሯቸው ሰክተው ነበር። ምንም አላልኳቸውም።) ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ፌበርን ነው። ነገሩ ወዴት እያመራ እንደነበረ አይቶ ዝም ማለቱን በራሱ አንደበት ይናዘዛል። ከሥራው የወጣውም የመጨረሻው የሰብአዊ ትምህርቶች ኮሌጅ ተማሪ አጥቶ ሲዘጋ ነው። እንደኛ ባለ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ክፍል የሚያስተምር ሰው በዚህ አንቀጽ ቢስቅም ሳቁ አጭር ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ ልመለስ። ብራድበሪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ የሎስ አንጀለስ ሳምንታዊ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ልቦለዱ ስለ መንግሥት ሳንሱር እንዳልሆነ፣ የተጻፈው ቴሌቪዥን የሥነ ጽሑፍን ፍቅር ስለማጥፋቱ እንደሆነ ተናግሯል። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ያኮርፋሉ። አንዱ፣ ደራሲ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ከአንባብያን አንዱ ነው፤ ያውም እንደማናችንም የሚረሳ፤ ሲል መለሰልኝ። ትክክል ነው። ይኸው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1979 ለመጽሐፉ በጻፈው ድኅረ ቃል ሥራውን ሳንሱርን የሚመለከት ልቦለድ ሲል ጠርቶታል። ስለዚህ ዳኝነቱ ለጽሑፉ ይተው። በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ተቃራኒ ገጸ ባሕርያት፣ አቃጣዩ ቢቲና ፈሪው ፌበር፣ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ሕዝቡ ማንበብ የተወው በራሱ ፈቃድ ነው። ነገሩ ከላይ በወጣ አዋጅ አልተጀመረም። መጀመሪያ መጻሕፍት አጠሩ፣ ተጨመቁ፤ ቀጥሎም ማንንም እንዳያስቀይሙ ተባለ፤ እሳቱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ወጣቶቹ ልቦለዱ ስለ ሳንሱር ነው ማለታቸው ከደራሲው የኋለኛ ቃል ይልቅ ለጽሑፉ የቀረበ ነው። የሚስቱት ሳንሱር አድራጊውን ሲሰይሙ ነው።

ይህ የእኔ ትንታኔ ነበር፤ ለዓመታትም ተመክቼበታለሁ። «መንግሥት» ብሎ ላቆመ ተማሪ ውጤት ቀንሼ በኅዳጉ ላይ «የቢቲን ንግግር ደግመህ አንብብ» ብዬ በቀይ እጽፍ ነበር። አንድ ሴሚስተር ላይ ሚልድሬድን የተሟገተችላት ያችው ተማሪ የታረመ ጽሑፏን ይዛ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ ደግመሽ አንብቢ ባሉኝ መሠረት አነበብኩት» አለችኝ። «እርስዎ በሰጡን ቅጂ ያለው የቢቲ ንግግርና በስልኬ ያለው ግን አይገጥሙም። በስልኬ ያለው ይረዝማል።»

ልክ ነበረች። ቢቲ ለሞንታግ በሚያደርገው ረጅም ንግግር መካከል፣ የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ በውስጡ ያሉት ቡድኖች መብዛታቸውን፣ እያንዳንዱም ቡድን፣ በሙያ ይሁን በትውልድ ወይም በሃይማኖት፣ እንዳይቀየም ሲባል መጻሕፍት እየተሟጠጡ መሄዳቸውን የሚዘረዝርበት ክፍል አለ። እኔ ያንን ክፍል ቆርጬዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል በተነሣው ግጭት ሕይወት ጠፍቶ ነበር። ከየአቅጣጫው የመጡ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ቡድን፣ ስለ ቅያሜ የሚያወራ አንቀጽ ቢነበብ ከክፍሉ ውጭ ምን ሊከተል እንደሚችል አስቤ ፈራሁ። የሉሁን ላይኛና ታችኛ ክፍል አገጣጥሜ፣ ክፍተት እንዳይታይ አድርጌ አባዛሁት። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ቅጂውን ፎቶ ኮፒ ቤት ትቼው ስለነበር በየዓመቱ የመጣው ተማሪ የገዛው ከዚያው የተባዛውን ነው። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም ቆራጩ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን ረስቼዋለሁ። ረሳሁ ስል ማመካኛ እንዳይመስልብኝ፤ የባሰው እርሱ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቹ ሳንሱር ከሕዝቡ መካከል እንደሚነሣ ሳያዩ የቀሩት ዐይናቸው ስለደከመ አልነበረም። የሚታይበትን አንቀጽ አውጥቼ ባላዩት ነገር እቀጣቸው ነበር። ጥቂቶቹ በፌበር በኩል ደርሰውበታል፤ ዛሬ ሳስበው የእነዚያ ንባብ ከሰጠኋቸው ውጤት በላይ ነበር።

ተማሪዋን ምን እንዳነሣሣት ስጠይቃት፣ እኔው ራሴ በክፍል ውስጥ እያሳቅሁ ያወራሁትን ታሪክ መለሰችልኝ። የመጽሐፉ አሳታሚ ባለንታይን እ.ኤ.አ. በ1967 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን ልዩ እትም አወጣ። በዚህ እትም ስድብና እርግማን ከመጥፋታቸው ሌላ አንድ ሰካራም በሽተኛ እንዲሆን ተደርጓል፤ የተነካው ቦታ በጠቅላላው 75 ያህል ነው። በመጽሐፉ ላይ ይህን የሚገልጽ ማስታወቂያ አልነበረም። ሁለቱ እትሞች ለጥቂት ዓመታት ጎን ለጎን ከተሸጡ በኋላ፣ ከ1973 እስከ 1979 በገበያ ላይ የቀረው የተቆረጠው ብቻ ሆነ። ለልጆች የተዘጋጀው ለአዋቂዎችም ተረፈ ማለት ነው። ብራድበሪ ቀድሞ በጠቀስሁት ድኅረ ቃል እንደሚተርከው ነገሩን ጽፈው ያስታወቁት ተማሪዎች ናቸው። መጽሐፉ እንደገና በሙሉ እንዲታተም የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ እንደ ምጸት ብቻ አወራው ነበር፤ ስለ ሳንሱር የተጻፈ መጽሐፍ ሳንሱር ተደረገ ተብሎ ይሳቃል። ተማሪዋ ግን ሌላ ነገር ሰማችበት። እነዚያ ልጆች ስለ ልቦለዱ የነበራቸው አስተያየት ምን እንደነበረ አናውቅም፤ የረባ ላይሆን ይችላል። ያስታወቁት ነገር ግን ከዐሥር ዓመት በላይ በገበያ ላይ ሲውል ያደረ ነው። «ኦሮማይ»ን የለቀመው እጅ መልቀሙ በአደባባይ ስለታየ አንባቢው ፈልጎ፣ ተደብቆ አነበበው። በልዩ እትሙና በእኔ ቅጂ ግን የጎደለ የሚመስል ነገር ስላልነበረ የሚፈልገውም አልተገኘም። እንዲህ ያለውን መቁረጥ የሚያጋልጠው ሁለተኛ ቅጂና ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ነው።

የቅኔ ቤቱ ተማሪ የልቦለዱን ፍጻሜ የተቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሌሎቹ በዱር ያሉት ባለ ቃሎች ሲያስደንቋቸው እርሱን አላስደነቁትም። ዳዊትን በቃሉ ያልያዘ ማን አለ? አንድምታውስ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ አይደለም የኖረው? እርሱን ያስጨነቀው የብራድበሪ ሰዎች እያንዳንዱ ለብቻው አንድ መጽሐፍ መያዙ፣ ይህንንም ከያዙ በኋላ መጻሕፍቱን እንዳይገኙባቸው ራሳቸው ማቃጠላቸው ነው። «ሲሳሳት ማን ያርመዋል?» ብሎ ጻፈ። በእኛ ጉባኤ አንዱ ሲቀጽል ሌላው ይሰማል፤ መምህሩ ያርማል፤ መምህሩ ቢስት ከሌላ ደብር የመጣው ተማሪ «እኛ ዘንድ እንዲህ አይባልም» ይላል። ደራሲው ተስፋ አድርጎ ያቀረበውን ይህ ወጣት አዲስ አደጋ አድርጎ አየው። ልቦለዱ ለትዝታ ስህተት መላ ያበጃል፤ የተያዘው ሁሉ ሲያስፈልግ እንዲታወስ የሚያደርግ ዘዴ እንዳለ ባለ ቃሎቹ ይናገራሉ። የልጁ ጥያቄ ግን ስለ ማስታወስ አይደለም፤ ስለ ማመሳከር ነው። ለዚህ መልስ በልቦለዱ ውስጥ አላገኘሁም።

በቀጣዩ ሳምንት የተቆረጠውን ገጽ አባዝቼ ለክፍሉ ሰጠሁ፤ ለምን እንደቆረጥኩትም ተናገርኩ። የፈራሁት ጠብ አልተነሣም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ ድምፅም ከፍ ብሎ ነበር። አንድ ተማሪ በዚያ ዓመት እኔ በቦታዎ ብሆን እኔም እቆርጠው ነበር አለኝ፤ ሌላዋ ቢያንስ ሦስት ነጥብ አድርገው ክፍተቱን ያሳዩን ነበር ብላ መለሰችለት። የሁለቱንም ሐሳብ እስካሁን እያወጣሁ አወርዳለሁ። የቀነስሁባቸውን ውጤት የዚያ ሴሚስተር ተማሪዎች አስተካክዬላቸዋለሁ፤ ከእነሱ በፊት የተመረቁትን ግን ላገኛቸው አልቻልኩም።

ከክፍሉ ስንወጣ ያችው ተማሪ በዚያ ዓመት ያባዛኋቸው ሌሎች ጽሑፎች ካሉ ጠየቀችኝ። ሁለት ልቦለዶች አሉ። አንዱን ከዋናው ጋር አመሳክሬ ጨርሻለሁ፤ የተነካ ነገር የለበትም። ሁለተኛው ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነው።